አቶ አላምረውና ከእስቴ አልወጣ ያለው ኢሜይል

አቶ አላምረው ሞቱ ሲሉኝ መጀመሪያ ያልሁት «ነፍስ ይማር» ነው። ቀጥሎ ያልሁትን እዚህ አልጽፈውም። የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል፤ እኔም ለቀብራቸው ደብረ ታቦር ድረስ ስሄድ አፌን ልሰበስብ ወስኜ ነበር። ነገሩን ያበላሸው እዚያ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው ነው።

ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ድምፁ የሚያምር ዘመዳቸው ወረቀት ይዞ ወጣ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ እያለ ቆየና «በእስቴና በስማዳ ወረዳዎች ዘመናዊ የመረጃ ልውውጥን ያስጀመሩ፣ በኢሜይል አጠቃቀም ለብዙዎች ፋና ወጊ የነበሩ» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ አጎነበስሁ፤ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ያለቀስሁ መስሏቸው ጀርባዬን ዳበሱኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አባትሽ ናቸው?»

«የለም፣ አለቃዬ ነበሩ።»

«እንዴት ያሉ ደግ አለቃ ቢሆኑ ነው!» አሉና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። አቶ አላምረው በእኔ ሳቅ ምክንያት እንኳ እንባ አገኙ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሳይለፉ ሲያገኙ ነው የኖሩት።

እንግዲህ ፋና ወጊነታቸውን በቅርብ ያየሁት እኔ ስለሆንሁ ልናገር። በዚያን ጊዜ በእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ውስጥ አንድ የዘርና የአፈር ጥበቃ ፕሮጀክት ቅርንጫፍ ነበረ፤ እሳቸው አስተባባሪው፣ እኔ ጸሐፊያቸው ነበርን። ሚሊኒየሙ ገብቶ ያለፈበት ሰሞን ነው። ሞባይል በየኪሱ ገብቷል፣ ኔትወርኩን ግን ጉብታ ላይ ወጥተው ካልፈለጉት አያገኙትም። ኢንተርኔት የሚባለው ደግሞ በቢሮው የስልክ መስመር በኩል እየጮኸና እየተንፏቀቀ ነበር የሚመጣው።

አቶ አላምረው የጋይንት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ወጥተው አዲስ አበባ ብዙ ኖረው ሲመለሱ፣ ያደጉበትን ብርድ «እንዴት ነው የምትችሉት?» ብለው ይጠይቁን ጀመር። ከካህን በቀር ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ ይላሉ፤ እሳቸውን አንቱ ያላለ ግን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እኔ እስከ ዛሬ አንቱ የምላቸው ከልማድ ነው እንጂ አክብሬያቸው አይደለም።

አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት የሰጣቸው ላፕቶፕ ነበር። ባለቤታቸው በሠሩት ዳንቴል ሸፍነው ያስቀምጡታል፤ ሊከፍቱት ሲሉ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የማይለያቸው አነጋገር «ሲስተም ነው» የሚል ነው። መብራት ሲጠፋ ሲስተም ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ ሲስተም ነው፤ ጥበቃው አባባ ተገኘ በሩን ዘግይተው ሲከፍቱ ደግሞ «በዚህ ቤት ሲስተም የለም!» ብለው ይጮኻሉ። ላፕቶፑ አንድ ማስታወቂያ አውጥቶ ሲያናግራቸው ግን አያነቡትም፤ ቶሎ ብለው «እሺ» የምትለዋን ይጫኗታል። ማሽን ሲያናግራቸው እሺ፣ ሰው ሲያናግራቸው እምቢ፤ አመላቸው ይኸው ነበር።

ከመጡ ጀምሮ በዚያ ላፕቶፕ ይቀበሉ ነበር እንጂ አንድም ነገር ልከው አያውቁም። ሰርኩላር የሚባል የሁሉም ቅርንጫፍ መመሪያ ይመጣል፤ ያትሙታል፣ ማኅተም ይመቱበታል፣ ፋይል ያስገቡታል፣ አለቀ። ሪፖርት ሲደርስ አበል ስላለው ራሳቸው ይዘውት አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ስለዚህ ላፕቶፑ ከእስቴ መላክ ይችል አይችል እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም። መላክ የሚያስፈልገው ሥራ ያለው ሰው ነዋ።

አንድ ክረምት፣ ነሐሴ እኩሌታ ላይ፣ ስማዳ በረዶ ወረደ። ከወገዳ ወዲያ ያሉት ቀበሌዎች ገብሳቸውም ስንዴያቸውም ከመሬት ተጋደመ። ሰዉ መርጦ የላካቸው ቄስ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ቄስ ቢሯችን መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ብቻ ነጭ ነው። በረንዳው ላይ ቆመው እግራቸውን ጠረጉና ገቡ።

«ልጆቼ፣ ገብሱስ ሄደ» አሉ። «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ። ጥቁሩ መሬት፣ ዋልካው ግን ገና ውሃ እንደያዘ ነው። ሽምብራ ብናገኝ መስከረም ሲጠባ እንጥልበትና በእርጥበቱ ይወጣልናል። የራሳችንን ዘር በክረምቱ በላነው። መስከረም ከወጣ ደግሞ ዋልካ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወርቅ ቢዘሩበት አይበቅል።»

ችግሩ በጣም ቀላል ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን የሽምብራ ዘር መጋዘን ውስጥ ነበረው። አደጋ የደረሰበት ቅርንጫፍ በኢሜይል ይጠይቅ፣ እንልካለን የሚል ሰርኩላርም አውጥቷል፤ አቶ አላምረው ማኅተም መትተው ፋይል ካደረጓቸው አንዱ ነው። የሰብል ባለሙያችን ጌትነት ወዲያው ተቀምጦ ግማሽ ገጽ ጥያቄ ጻፈ። አቶ አላምረው በሁለት ጣት ይዘው አዩት።

«ይኸ ጥያቄ ነው ወይስ ቴሌግራም? መግቢያው የታል? ዳራው የታል?»

መግቢያና ዳራ ሲጻፍ ሳምንቱ አለቀ። በመጨረሻ ሁላችንንም ጠርተው ዙሪያቸውን አቆሙን። ስልኩ ጮኸ፣ መስመሩ ተያዘ፣ አቶ አላምረው እጃቸውን ከፍ አድርገው «ላክ» የሚለውን ተጫኑ። ላፕቶፑ ትንሽ አሰበና ጢን ብሎ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በዚያች ቀን ብቻ፣ ስላየናቸው ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበቡት። ሰርቨሩ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ኢሜይል ተቀባይ ማሽን፣ የላኪውን አድራሻ አልተቀበለም ይላል። ከሱ በታች ሌላም ነበረ፤ «እሺ» ብለው ዘጉት። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«የሺ፣ በሩን ዝጊው» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«አልተቀበሉኝም።»

«ማን?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ነዋ! ላኪውን አልተቀበለም ነው የሚለው። ላኪው ማን ነው? እኔ ነኝ። ስሜን ያጠፋ ሰው አለ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ማሽን ከበላይ ሳይታዘዝ ማንንም አይከለክልም» አሉ። ይህን ያሉት እንደ ጅል ሳይሆን እንደ ዐዋቂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ያለ ምክንያት አለማለታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ባሳለፉበት ቢሮ ስብሰባ ያልተጠራ ሰው ነገር ተጎንጉኖበታል፤ ሰላምታ የተነፈገ ሰው ከቦታው ሊነሣ ነው። ሁሉም በር የዘጋው ሰው አለው። ሽቦና ቁልፍ በራሱ ምክንያት እምቢ ሊል ይችላል የሚል ሐሳብ በጭንቅላታቸው ውስጥ ማለፊያ አልነበረውም። ስለዚህ ኢሜይል አልሄድ ያለው ሌላ ሰው የሚያደርገውን አላደረጉም። ግምገማ ጠሩ።

ግምገማ የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። ክብ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በተራው እየተነሣ መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ ቀጥሎ የጓደኛውን ያወጣል። ከኑዛዜ የሚለየው ንስሐ አባቱ ቃለ ጉባኤ ማስያዛቸው ነው። ያዥዋ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አሉ አቶ አላምረው። «የቅርንጫፋችን ኢሜይል በዋናው መሥሪያ ቤት ተቀባይነት ያጣበትን ምክንያት መመርመር። ማን፣ ምን አለ? ለማንስ አለ?»

ሹፌሩ ደምሌ ተነሣ። «እኔ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ በመሥሪያ ቤቱ መኪና በግ ጭኛለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«በጉ ከኢሜይሉ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ጥፋት ተናገሩ ስላሉ ነው።»

«ይመዝገብ።» መዘገብሁ።

አባባ ተገኘ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ እንቅልፍ ይጥለኛል» አሉ።

«እሱን ሁላችንም እናውቃለን።»

«እንግዲያስ ሌላ የለብኝም» ብለው ተቀመጡ።

ጌትነት ሲነሣ ምን እንደሚል ስለገባኝ ጉልበቱን ጎሰም አደረግሁት። አልሰማኝም። «ጋሼ፣ ይኸ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ቢሮ እያለ ይልክ ነበር ብለውናል» አለ። «እምቢ ያለው እዚህ ከመጣ ነው። ምናልባት ከቤቱ ሲርቅ የሚፈልገው ነገር ይኖር ይሆናል። ለምን ደውለን የኮምፒውተር ክፍሉን አንጠይቅም?»

አቶ አላምረው እስክሪብቷቸውን የእጅ ሰዓታቸው ላይ ቀጭ ቀጭ አደረጉ፤ ሲቆጡ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

«ጻፊ» አሉኝ። «ጌትነት፤ የአመራር ችግርን ቴክኒካዊ አስመስሎ የመሸፋፈን ዝንባሌ። በተጨማሪም ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በግል የመነጋገር ፍላጎት።» ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ያለ እኔ ፈቃድ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ከተገኘ፣ ስሜን ያጠፋው እሱ ነው ማለት ነው። ማስረጃ አያስፈልገኝም።»

የቢሮውን ስልክ ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸው እንዲደውሉ ስንለምናቸው «እኔ ከደወልሁማ ጥፋቴን አመንሁ ማለት ነው» አሉ። ተሳፍረው እንዲሄዱ ስንላቸው «በእግሬ ሄጄ እጄን ልስጥ?» አሉ። እኛም እንጀራችንን ፈርተን ዝም አልን። በዚህ መካከል ነሐሴ አለቀ።

እሳቸው ግን ሥራ አልፈቱም። በሕይወታቸው የዚያን ሰሞን ያህል ሠርተው አያውቁም። የግምገማውን ቃለ ጉባኤ ላኩ፤ አልሄደም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ማን ይቀበላል ብለው፣ ማኅተማችንን ወረቀት ላይ መትተው ደምሌን ደብረ ታቦር ሰደዱት፤ እዚያ በማሽን ተነሥቶ በዲስክ መጣ፣ ከእያንዳንዱ ኢሜይል ጋር ይያያዝ ጀመር። ማኅተም የተመታበት ኢሜይል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አልሄደም። የላኪው ስም ያለ ማዕረግ ስለተጻፈ ነው ያልተቀበለው ብለው፣ ላፕቶፑ ውስጥ «አላምረው» የሚለውን «ክቡር አቶ አላምረው፣ ዋና አስተባባሪ» አሰኙት። ሰርቨሩ ክብራቸውን አላወቀላቸውም።

ከዚያ በደምሌ ላይ ስለ በጉ ጻፉ። በጌትነት ላይ ጻፉ። በእኔም ላይ፣ እኔኑ እያስተየቡ፣ «ጸሐፊዋ አንደበተ ሹል ናት» አሉ፤ አንደበቴን ነክሼ ተየብሁላቸው። ይኸም አልሄድ ሲል በራሳቸው ላይ ግለ ሂስ ጻፉ፤ በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊማሩ ገብተው ጥናቱ ሲከብዳቸው መጥፋታቸውን ሳይቀር ተናዘዙ። በመጨረሻም ምርር ብሏቸው «የማልታመን ከሆነ ከኃላፊነቴ እንድሰናበት እጠይቃለሁ» ብለው ጻፉና ተጫኑት። እሱም አልሄደም። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። መሄድ ያቃተው ኢሜይል አይጠፋም። አውትቦክስ የሚባል ማቆያ አለ፤ ሁሉም እዚያ ተራውን ይዞ ይቆማል፣ መንገድ የተከፈተ ቀን ይወጣል። የሽምብራው ጥያቄ ከፊት፣ የእሳቸው ጉድ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ማግሥት ቄስ ሞላ ተመለሱ። «ከምን ደረሰ ልጄ?» አሉኝ።

«አልሄደም አባ።»

«ምን ያዘው?»

ምን ብዬ ልንገራቸው? ወደ ቢሮው አስገባኋቸው። አቶ አላምረው ዳንቴሉን እያስተካከሉ «አባ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሏቸው። «ሲስተም አይቸኩልም።»

«ሲስተም የሚሉት ማነው? ሰው ከሆነ ሄጄ ልለምነው። ሰው ካልሆነ ምን ያስፈራዎታል?»

«እርስዎ አይገባዎትም። ስሜ ጠፍቷል። ስሜ ሳይጸዳ ምን ብዬ ጥያቄ አቀርባለሁ?»

«ስምዎትን እኔ አላጠፋሁት» አሉ ቄስ ሞላ። ድምፃቸው ከፍ አለ። «ጌታው ይስሙኝ። ወገዳ ላይ በሬውን የሸጠው ሸጧል። ጎረምሶቹ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሊወርዱ ስንቅ እያሰናዱ ነው፤ የእኔ ልጆችም አሉበት። ሽምብራው ከተዘራ ይቀራሉ፣ ካልተዘራ ይሄዳሉ። አምና የሄዱት ሁሉም አልተመለሱም፤ ወባ የበላው አለ። ልጆቼን ላስቀራቸው የምችለው በዚህ በያዝነው ወር ብቻ ነው። እርጥበት አይጠብቀንም።»

አቶ አላምረው እንዲህ ሲሉ መለሱላቸው፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «አባ፣ እርስዎ የአንድ ቀበሌ ጭንቀት ነው ያለብዎት። እኔ ግን የመላው ቅርንጫፍ አለብኝ።»

ከዚያ ቀን በፊት እስቅባቸው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ናቅኋቸው፤ ንቀቱም ይኸው እስከ መቃብራቸው ሸኘኝ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው እኔን ብቻ አሳልመው ወጡ።

ጌትነት ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ኮቱን ደረበና ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ደምሌና አባባ ተገኘም ተከትለውታል፤ ቀጥ ብሎ አቶ አላምረው ፊት ቆመ።

«ቴሌ ሄጄ አዲስ አበባ ደውያለሁ» አለ። «የኮምፒውተር ክፍሉን አናገርሁ። ስምዎትን ያጠፋ የለም። ላፕቶፑ እዚያ ቢሮ ውስጥ ሲሆን ሰርቨሩ እንደ ቤት ልጅ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። ከውጭ ሲመጣ ግን ማንነቱን አያውቅም፤ ማንም እየተነሣ በእርስዎ ስም እንዳይልክ ስምና የይለፍ ቃል ንገረኝ ይላል። እኛ ደግሞ እንዲናገር አላዘዝነውም። የሚወጣው መልእክት ማስተካከያ ላይ አንዲት ባዶ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ማስታወቂያውም ከታች ይህንኑ ነበር አሉ የሚለው፣ ቢነበብ።»

«እና ይኸን ያህል ጊዜ በአንዲት ሳጥን ነው?» አለ ደምሌ። «የእኔ በግ እንግዲህ በከንቱ ተመዘገበ።»

አቶ አላምረው ቀስ ብለው ተነሡ። ያፍራሉ ብዬ ነበር። ይቅርታ ባይሉ እንኳ አንገታቸውን ይደፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጣታቸውን ጌትነት ላይ ቀሰሩ።

«ስለዚህ አንተ ነህ!»

«ምኑ ነኝ?»

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የምትነጋገረው! በአፍህ አመንህ!»

እዚያው አቁመውት እኔን አስቀመጡኝና የጌትነትን የእገዳ ደብዳቤ አስተየቡኝ። ረጅም ነው፤ መግቢያም ዳራም አለው። ሲያልቅ ዛሬውኑ አዲስ አበባ እንዲደርስ ፈለጉ። ላፕቶፑን አዩት፣ ጌትነትን አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያቺ ሳጥን የት ነው ያለችው ያልኸኝ?»

ጌትነት አሳያቸው። የራሱ እገዳ የሚሄድባትን ሳጥን በራሱ ጣት፣ ሳይስቅ አሳያቸው። ምልክቷ ተደረገች፣ ስልኩ ጮኸ፣ መስመሩ ተያዘ። ላኩ። መጀመሪያ የሽምብራው ጥያቄ ሄደ፤ ደምሌ አጨበጨበ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ሄደ። ከዚያ የበጉ ጉዳይ፣ ከነማኅተሙ።

«ይኸ ምንድን ነው የሚሄደው?» አሉ አቶ አላምረው።

«ሁሉም ነው ጋሼ» አልኋቸው። «በየተራው።»

«ሁሉም ስትይ? ስንብቱም?»

መልስ አልጠበቁም። ዘለው የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቀሉት፤ ልስኑም አብሮ ወረደ። ጌትነት ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ አየና «ሁሉም ሄዷል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አቶ አላምረው ሆዴን አመመኝ ብለው ሽሮ እንኳ አልቀመሱም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሣሉ። የፈሩት መልስ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። አሳተሙኝ። ከላይ እስከ ታች እንዲህ ይላል፦ ሪፖርቶቻችሁ ደርሰውናል፣ ከቅርንጫፎች ሁሉ ብዙ ሪፖርት የላካችሁ እናንተ ናችሁ፣ ለትጋታችሁ እናመሰግናለን።

ያነበበው የለም። የደምሌን በግ፣ የጌትነትን እገዳ፣ የራሳቸውን ስንብት፣ አንዱንም የከፈተው ሰው የለም፤ ቆጥረው ብቻ አመሰገኑ፤ ጌትነትም ሥራው ላይ እንዳለ ቀረ። እሳቸውም ምስጋናውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳው ላይ፣ ልስኑ የወረደበት ቦታ ላይ ሰቀሉት። የመረጃ ልውውጥ ፋና ወጊ የሆኑት እንግዲህ እንዲህ ነው። የሽምብራው ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር ተቀብሮ ሰንብቶ የሆነ ሰው እጅ ሲገባ መስከረም ወጥቶ ነበር። ዘር የጫነው መኪና መካነ ኢየሱስ የደረሰው ጥቅምት ውስጥ ነው።

አቶ አላምረው ራሳቸው ካላስረከብሁ አሉ። ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከፊት ገቡ፤ እኔና ጌትነት ከጆንያዎቹ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ወገዳ ልንገባ ስንቃረብ ጎረምሶች ፌስታልና ብርድ ልብስ በዱላቸው አንጠልጥለው ወደ እኛ ሲመጡ አየን። ከፊታቸው ጥምጥም ያደረጉ ሰው አሉ፤ ቄስ ሞላ ናቸው። አቶ አላምረው መኪናውን አስቆሙ።

«አባ! ይኸው ዘሩን አመጣነው! ወዴት ናችሁ?»

ቄስ ሞላ ጆንያዎቹን አዩ፣ ልጆቻቸውን አዩ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። «እነዚህን በሁመራ መኪና ላሳፍር ነው። ዋልካው ከደረቀ ሰነበተ ጌታው፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። እናንተ ግን ደክማችኋል፣ ዝለቁና ቤት ግቡ። ባለቤቴ አለች፤ ጠላ አታጡም።»

ጌትነት ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ። አቶ አላምረው ግን ከመኪናው ወርደው ካሜራቸውን እየከፈቱ ነበር።

«ካገኘኋችሁ አይቀር ለአንድ ፎቶ ቁሙልኝ» አሉ። «ጆንያውን ያዝ ያዝ አድርጉት። አንተ ረጅሙ፣ ወደ መሀል ግባ። ፈገግ በሉ!»

ልጆቹ ቄስ ሞላን አዩ። ቄስ ሞላ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው። ጎረምሶቹ ስንቃቸውን መሬት አስቀመጡ፣ ጆንያውን ከበው ያዙ፣ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ስንቃቸውን መልሰው አንሥተው ቁልቁል ሄዱ። ከቄስ ሞላ ልጆች አንደኛው ያኔ እንደ ሄደ ነው የቀረው፤ ይህን የሰማሁት ዓመት ሞልቶ ወገዳ ስመለስ ነው። ዘሩ መጋዘን ገብቶ ነቀዝ በላው።

በማግሥቱ ቢሮ ገብተን አቶ አላምረው ከረባታቸውን አስተካክለው ላፕቶፑን ከፈቱ። ጽሑፉን እኔ ነኝ የተየብሁት፦ «የሽምብራ ዘር በወቅቱ ለስማዳ አርሶ አደሮች ደርሷል፤ አርሶ አደሮቹም በመስክ ተገኝተው ደስታቸውን ገልጸዋል፤ ፎቶ ግራፉ ተያይዟል።» ስጨርስ «ጋሼ፣ ይኸ እኮ ውሸት ነው» አልኋቸው። አልሰሙኝም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው «ላክ» የሚለውን ተጫኑና ማስታወቂያ ይወጣ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ምንም አልወጣም። በመጀመሪያው ሄደ።

ዞረው አዩኝ። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል።

«አየሽ የሺ?» አሉኝ። «ተቀበሉኝ።»